ሃምሳ ሎሚ ለሲኒማ ቤት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ብሂል በየስብሰባውና በየመድረኩ ስለሚጠቀስ ጆሮአችን ለምዶት፣ ቁም ነገሩን ሳናስተውል እንደ ዋዛ የምናልፈው ሆኗል። እኔም በጽሑፎቼና በንግግሮቼ ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ። ትርጉሙን በትክክል የተረዳሁት ግን በዕድሜ የገፉ አንዲት ትኬት ሻጭ በገሠጹኝ ዕለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማወሳው ስለዚያች ዕለትና ሴትዮዋ ስላገለገሉበት ትንሽ ሲኒማ ቤት ሲሆን፣ በእርሱም አስታክኬ በየከተማችን በችግር ላይ ስላሉት መሰሎቹ የሚሰማኝን እናገራለሁ።

ሲኒማ ቤቱ የሚገኘው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ባደግሁበት ሰፈር ነው። ስሙን አልጠራውም፤ የእርሱ ታሪክ የብዙዎቹ ታሪክ ነውና። ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፉን የረገጥሁት በ1982 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ እጄን ይዞ በወሰደኝ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የሚታየው ፊልም መህቡብ ካን እ.ኤ.አ. በ1957 ያዘጋጀው «ማዘር ኢንዲያ» የተሰኘው የሕንድ ፊልም ነው። የሰዎቹን ቋንቋ ከአዳራሹ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ የሚያውቁ መስለው ለጎረቤቶቻቸው ይተረጉሙ ነበር፤ ትርጉማቸው ከፊልሙ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ፊልሙን ይወቅሱ ነበር። የለውዝ ልጣጭ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ፊልሙ በተበጠሰ ቁጥር «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸትና ፉጨት ጣሪያውን ያናጋዋል። ሥዕሉ ተመልሶ ሲመጣ ያ ሁሉ ጫጫታ ባንድ ጊዜ እርጭ ይላል።

እንደሚታወቀው በዚያ ፊልም መጨረሻ እናቲቱ፣ ወንበዴ የሆነባትን የገዛ ልጇን በጥይት ትመታዋለች። ያን ጊዜ በአዳራሹ የሰማሁትን ለቅሶ ዛሬም አልረሳውም። ከፊት ለፊታችን የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲንሰቀሰቁ፣ ካጠገባቸው ያሉት፣ ከዚያም ባሻገር ያሉት ተከተሏቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ ለሕንዷ እናት የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ዘመን፣ ከየቤቱ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድበትና ብዙውም የማይመለስበት ጊዜ እንደ ነበር ሳስታውስ ነገሩ ተገለጠልኝ። እነዚያ እናቶች በአደባባይ ሊያለቅሱለት ያልቻሉትን በጨለማው ውስጥ፣ ማንም «ምን ሆንሽ?» ሳይላቸው ያለቅሱ ነበር። ብቻቸውን ቢሆኑ ቤታቸው ማልቀስ በቻሉ ነበር። እነርሱ ግን ከሌሎች ጋር፣ ነገር ግን ሳይታዩ ለማልቀስ መጡ። ይህን ያሟላላቸው ያች ጠባብ ሲኒማ ቤት ነበረች። የተውኔት ጸሐፊ ለመሆን ያበቃኝ ምን እንደ ሆነ ስጠየቅ ትምህርት ቤቴንና መምህራኖቼን በምስጋና እጠቅሳለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ያ ለቅሶ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማሽን ክፍሉ ኦፕሬተር ወደ ክፍላቸው ያስገቡኝ ጀመር። ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ሌላው ይቀጥላል። የመለወጫው ሰዓት መድረሱን የምታመለክተው በሥዕሉ የላይኛው ማዕዘን ብልጭ ብላ የምትጠፋ ክብ ነጥብ ነች። በእያንዳንዷ ሰከንድ 24 ሥዕሎች በመብራቱ ፊት ያልፋሉ፤ አንዱ ሥዕል ሄዶ ሌላው እስኪተካ ድረስ መብራቱ ይጋረዳል። ስለዚህ ተመልካቹ ከተቀመጠበት ጊዜ ግማሽ ያህሉን የሚያሳልፈው ሳያውቀው በፍጹም ጨለማ ውስጥ እንደ ሆነ የነገሩኝ እኒያ ሰው ናቸው። «ቀሪውን የሚሞላው የተመልካቹ ዓይን ነው፤ እኛ ግማሹን ብቻ ነው የምንሰጠው» ይሉኝ ነበር። ይህ አነጋገራቸው የፊልምን ብቻ ሳይሆን የሲኒማ ቤትንም ጠባይ የሚገልጽ ሆኖ ያገኘሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ያገራችን ሰው መጀመሪያ ለሲኒማ ያሳየው ፊት ጥርጣሬ ነበር። ለቀድሞዋ የአዲስ አበባ ፊልም ማሳያ ሕዝቡ ያወጣላት ስም «ሰይጣን ቤት» መሆኑ ይህን ይመሰክራል። በግድግዳ ላይ የሚራመድ የሰው ጥላ ያስፈራው ሕዝብ ግን ብዙ ሳይቆይ ወዳጁ ሆነ። በተለይም ለእኛ ለመድረክ ሰዎች ሲኒማና ትያትር ባንድ ጣሪያ ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው ሕንፃ በፋሺስት ወረራ ዘመን ለሲኒማ ቤትነት ተጀምሮ፣ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር በትያትር ቤትነት ተመረቀ። የአገር ውስጥ ረጅም ፊልም ጅማሬ ሆኖ የሚጠቀሰው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1957 ዓ.ም. ሲቀርብ፣ ተመልካቹ ቀድሞውኑ በአዳራሽ ተሰብስቦ ታሪክ መከታተልን የለመደ ነበር።

በእኔ ዕድሜ ያየሁት ትልቁ የሲኒማ ቤቶቻችን ወርቃማ ዘመን ግን ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ያለው ነው። በውድ ዋጋ ከሚገዛው የፊልም ጥቅል ይልቅ በቪዲዮ ካሜራ መቅረጽ በመቻሉ፣ ወጣቶቻችን በትንሽ ገንዘብ የአማርኛ ፊልም መሥራት ጀመሩ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በቀረበበት በዚያ ዘመን ሰው በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፎ፣ ሰልፉ መንገድ ዞሮ ሲታጠፍ አይተናል። በቪዲዮ ቤቶች መስፋፋት ምክንያት ሊዘጉ ተቃርበው የነበሩ አዳራሾች እንደገና ነፍስ ዘሩ። የሰፈሬ ሲኒማ ቤትም ጣሪያዋን አደሰች፤ የተቀደዱ ወንበሮቿን አሰፋች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሳተላይት ሳህን በየጣሪያው በቀለ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እየተተረጎሙ እሳሎናችን ድረስ መጡ። ፊልሞቻችንም ከሲኒማ ቤት ወርደው ብዙ ሳይቆዩ በዩቲዩብ የሚለቀቁ ሆኑ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አዳራሾች ተዘጉ፤ ከተከፈቱም በኋላ ጦርነቱና የኑሮ ውድነቱ ተከተሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳና አካባቢዋ ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ከሲኒማ ጋር አያያይዘውም። ሆኖም ትንሽ ሲኒማ ቤት የምትኖረው ከእራት በፊት በእግሩ መጥቶ ከእራት በፊት በእግሩ በሚመለስ ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ሁለት ታክሲ ቀይሮ የሚመጣ ከሆነ፣ ከትኬቱ ይልቅ ትራንስፖርቱ ይበልጥበታልና መቅረቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በ2009 ዓ.ም. እኔና ጥቂት ጓደኞቼ፣ ደራስያንና ተዋንያን፣ የሰፈራችን ሲኒማ ቤት ልትዘጋ መሆኑን ሰምተን ተሰበሰብን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ «የሲኒማ እድር» ለማቋቋም ወሰንን። አሳቡ ቀላል ነበር። የእድር አባል ሐዘን ቢኖርም ባይኖርም ወርኃዊ መዋጮውን እንደሚከፍል ሁሉ፣ ሃምሳ አባላት ፊልም ቢያዩም ባያዩም በየወሩ የአንድ ትኬት ዋጋ ይከፍላሉ። ሲኒማ ቤቷም በምላሹ በወር አንድ ሐሙስ ማታ የቆየ ወይም ብዙ ሰው ያላየው ፊልም ታሳያለች፤ ከፊልሙም በኋላ ውይይት ይደረጋል። እኔ በራዲዮ ቀርቤ ስለዚሁ ስናገር፣ መቼም ገምታችሁታል፣ ያንኑ የሃምሳ ሎሚ ተረት ጠቀስሁ።

የመጀመሪያው ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። በሁለተኛው ወር ከሃምሳው አባላት ሠላሳ ዘጠኙ ከፈሉ፤ በሦስተኛው ሃያ ሦስቱ። በአራተኛው ወር ሐሙስ ዝናብ ስለ ነበር ቀደም ብዬ ደርሼ በትኬት መሸጫው መስኮት አጠገብ ተጠለልሁ። ትኬት ሻጯ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው ሴት ናቸው። ፊልሙ ሲጀመር፣

«እትዬ፣ ዛሬስ ስንት ሰው ገባ?» አልኋቸው።

«በዓይኔ ያየሁት ሠላሳ አንድ፣ በገንዘብ ያየሁት ሰባት» አሉኝ።

«ሌላውስ?»

«ሌላውማ አንተን የመሰለው ነው። አንዱ ደራሲ ነኝ ይላል፤ አንዱ ተዋናይ፣ አንዱ የጋዜጣ ሰው፣ አንዱ የዳይሬክተሩ ወንድም። ይህ ቤት እንዳይዘጋ የሚናገረው ሁሉ በዚህ በር በነጻ ነው የሚገባው። በቀደም በራዲዮ ስትናገር ሰምቼሃለሁ፤ የሎሚውን ተረት አሳምረህ ተናገርህ። ግን ልጄ፣ የአንተ ሎሚ የታለ? የመብራት ሂሳብ በንግግር አይከፈል!»

ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ብሩንም መቁጠራቸውን አላቋረጡም። እኔ ግን ፊቴ እንደ ፍም ጋለ። ወርኃዊ መዋጮዬን መክፈሌን ልነግራቸው አሰብሁና ተውሁት፤ የእርሳቸው ጥያቄ ስለ አራት ወር መዋጮ አልነበረምና። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁበት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ በር በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ እገባለሁ። ዘበኛው ባየኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ይግቡ» ይለኛል፤ እኔም ክብር መስሎኝ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ እገባለሁ። ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰላሁት። በ13 ዓመት ውስጥ ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ያለ ትኬት ገብቻለሁ። ስለ ጥበብ መዳከም በጻፍሁባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሦስት መቶ ጊዜ ያህል በአንዲት ችግረኛ ቤት በነጻ ተስተናግጃለሁ ማለት ነው። ተጋባዥነቴን እንጂ ባለ ዕዳነቴን አላወቅሁትም ነበር።

እድራችን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል እየተንገዳገደ ቆይቶ ወረርሽኙ ሲመጣ ፈረሰ። ውድቀቱን ለወረርሽኙ መስጠት ይቻል ነበር፤ እውነቱ ግን ቀድሞውኑ ከአሥራ አንድ የማይበልጡ ከፋዮች ቀርተውት ነበር። ጉድለቱ የት እንደ ነበር ለማወቅ የሌላውን አገር ልምድ መመርመር ጀመርሁ።

በአሜሪካ ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች ትልቁ ፈተና የደረሰባቸው የፊልም ኩባንያዎች የ35 ሚሊ ሜትሩን ጥቅል ትተው ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ፓራማውንት በአገሩ ውስጥ በጥቅል ማሰራጨቱን ማቆሙ ታወቀ። ለአንድ አዳራሽ አዲሱን ማሽን መግዛት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቅ ስለ ነበር፣ አንድ አዳራሽ ብቻ ላላት የገጠር ከተማ ሲኒማ ቤት ይህ የሞት ፍርድ ያህል ነው። ብዙዎቹ ተዘጉ። ከተረፉት ብዙዎቹ ግን የተረፉት የከተማዋ ነዋሪ ገንዘብ አዋጥቶ ማሽኑን ስለ ገዛላቸው ነው።

ፈረንሳዮች ደግሞ ጉዳዩን ለመንደር ልግስና ብቻ አልተዉትም። በአገሪቱ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ላይ 10.72 በመቶ ተቀንሶ እ.ኤ.አ. በ1946 በተቋቋመው የብሔራዊ ሲኒማ ማእከል ይሰበሰባል። ከዚያም ለፊልም ሠሪዎችና ለአዳራሾች ማደሻ በድጎማ መልክ ይመለሳል። ስለዚህ በትልቁ አዳራሽ የአሜሪካ ፊልም የሚያይ ወጣት ሳያውቀው የሩቅ ከተማን ትንሽ ሲኒማ ቤት ወንበር ያስጠግናል። የሎሚው ተረት በሕግ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የጎረቤታችን የሱዳን ታሪክ ነው። ሱሃይብ ጋስሜልባሪ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የተሸለመው «ስለ ዛፎች ማውራት» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም፣ ፀጉራቸው የሸበተ አራት የሱዳን ፊልም ሠሪዎች በኦምዱርማን ከተማ የተዘጋ አንድ ጣሪያ አልባ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ሲደክሙ ያሳያል። ሽማግሌዎቹ አቧራውን ይጠርጋሉ፤ የሰፈሩን ሰዎች ምን ዓይነት ፊልም ማየት እንደሚፈልጉ ይጠይቃሉ፤ ፈቃድ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳሉ። ፈቃዱ አይገኝም። እነርሱ ግን እየተቀላለዱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ፣ ያች ከተማ የጦር ሜዳ ሆነች። ያን ፊልም ካየሁ በኋላ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ፈቃድ ሳይከለከል፣ ማሽኑም ሳይበላሽ በእኛው ስንፍና ባዶ የሚሆን አዳራሽ ሳይ የማፍረው ስለዚህ ነው።

ከእነዚህ ልምዶች የተረዳሁት ይህን ነው። የእኛ እድር የጎደለው አሳብ ሳይሆን፣ ሎሚውን ሁላችን ከሌላው ሰው እጅ መጠበቃችን ነበር። ሲኒማ ቤት ልመና አያሻትም፤ ገበያዋን አንንጠቃት እንጂ። የመጀመሪያው እርምጃ የእኛው የጥበብ ሰዎች ነው፤ ነጻ መግቢያ ይቅርብን። አንድ ሐኪም ሐኪም በመሆኑ ብቻ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት በነጻ አይወስድም። ሁለተኛው የፊልም ሠሪዎቻችን ነው። ሲኒማ ቤቱና ፊልም ሠሪው የትኬቱን ገቢ ይካፈላሉ፤ እንግዲያውስ ፊልሙ በአዳራሽ የሚቆይበት ጊዜ ተወስኖ እስኪያልፍ ድረስ በዩቲዩብ ባይለቀቅ ጥቅሙ ለሁለቱም ነው። ሦስተኛው የትያትርና የሲኒማ ወንድማማችነት ነው። ፊልም በማይታይበት ቀን አዳራሹ ለአጫጭር ተውኔትና ለግጥም ምሽት፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለተማሪዎች ይከፈት። በዘጠኝ ዓመቱ አዳራሽ ያልገባ ልጅ በሠላሳ ዓመቱ ትኬት ለመግዛት አይሰለፍም። አራተኛው የመንግሥት ድርሻ ነው። ከተሞች በአዲስ ፕላን ሲሠሩ፣ ሰው ወደ ተዛወረባቸው የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ከሱቁና ከባንኩ ጋር ሁለት መቶ ሰው የምትይዝ አንዲት አዳራሽ ትታሰብ፤ እንደ ፈረንሳዮቹም ከትኬት ለትኬት የሚመለስ ድጎማ ይጠና።

«ሰው በስልኩ የሚያየውን ለማየት ለምን አዳራሽ ይሄዳል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ፊልሙ ያው ፊልም ነውና። እኔ ግን የማስበው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቀሱትን እናት ነው። እርሳቸው ብቻቸውን በስልክ ቢያዩት ኖሮ ያለቅሱ ይሆናል፤ ካጠገባቸው የነበሩት ግን አይከተሏቸውም ነበር። እኔም ያን ለቅሶ አልሰማም ነበር።

የሰፈሬ ሲኒማ ቤት አልተዘጋችም። ዛሬ የምትከፈተው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። እትዬ ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ወር ስሄድ በመስኮቱ ውስጥ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች፤ ዘበኛውም አዲስ ነው። ሁለቱም አያውቁኝም። ልጅቷ ቀና ሳትል «ስንት ትኬት?» አለችኝ። በዚያ በር የማልታወቅ ሰው በመሆኔ እንዲህ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም ነበር። «ሁለት» አልሁና ከፈልሁ፤ አብሮኝ የመጣው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነበር። የሚታየው የአንድ ጀማሪ ዳይሬክተር ፊልም ነው፤ ጉድለት ነበረበት፤ ድምፁም በመካከሉ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ድምፁ ሲጠፋ ከኋላ አንድ ሰው «ሌባ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹም ሳቀ። ልጄ ዞር ብሎ «አባዬ፣ ምን ተሰረቀ?» ሲል ጠየቀኝ። በዙሪያችን የነበሩት ሰዎች ሰምተውት ይብስ ሳቁ። ስንወጣ ወንበሮቹን ቆጠርሁ፤ አርባ ስድስት ሰው ነበርን።

ሃምሳ ሊሞላ አራት ሰው ነው የጎደለው። ውድ አንባቢ፣ የምትኖርበት ከተማ ትንሽ ሲኒማ ቤት ካላት፣ በሚመጣው እሑድ ከአራቱ አንዱ ሁን፤ ትኬትህንም ቆርጠህ ግባ።